ስሙን የማንጠቅሰው ወንድም

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሐበሻ በሞላበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ ዛሬ ብትጠይቁ የዳኜን ነገር ከመጀመሪያው ያላወቀ ሰው አታገኙም። የምግብ ቤቱ ባለቤት ገና ድሮ ጠርጥሮ ነበር። ፀጉር ቤት ያላት ሠናይት ዓይኑን አይታ ገብቷት ነበር። የገዛ ባሏ የት እንደሚውል የማታውቀው ጎረቤቴ ሳትቀር «እኔ እኮ ያኔውኑ ተናግሬያለሁ» ትላለች። ይህ ሁሉ ብልህ ሰው በአንድ መንገድ ላይ ተከማችቶ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ከዳኜ እጅ ጫማና ቴሌቪዥን ሲቀበል መኖሩ ብቻ ነው የሚገርመኝ።

እኔ ምንም አልጠረጠርኩም። ሙሉነሽ እባላለሁ። ሚድ ዊልሻየር ውስጥ የፈረንጅ አሮጊቶችን እያጠብኩና እያበላሁ እኖራለሁ፤ ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ ቤቴ የጸሎት ኅብረት አለ። ዳኜን ሊያስገድለው የነበረ ማን ነው ብሎ የሚያጣራ ካለ አይድከም፤ እኔ ነኝ። ሰዉ እያሳመረ ከሚያወራው ራሴ እንደሆነው ልጻፈው ብዬ ነው የተነሣሁት።

ዳኜ ዓይናለም በዲቪ የመጣ ሰው ነው። አዲስ አበባ ሳለ ጎሚስታ ነበር። እዚህ እንደደረሰ አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት በር ላይ ቆሞ የእንግዶችን መኪና እየተቀበለ የሚያቆም ሆነ። እዚያ ቤት ሚስተር ላዛሮ የሚባል፣ ፀጉሩ የነጣ፣ ሽቶው ከራሱ ቀድሞ የሚደርስ ሽማግሌ ይመጣል። ሚስተር ላዛሮ ምስጢር የሚያወራው ቤት ውስጥ አይደለም፤ ደጅ ወጥቶ መኪናው አጠገብ ቆሞ ነው። ዳኜ ቁልፉን ይዞ አጠገባቸው ይቆማል፣ ፈገግ ይላል፣ ምንም አይተነፍስም። ሚስተር ላዛሮ እንዲህ አፉን የሚጠብቅ ሰው በዕድሜው አላየም። አንዴ ሆን ብሎ ትልቅ ነገር ፊቱ አውርቶ፣ ይወጣ እንደሆነ ብሎ አንድ ወር ጠበቀ። አልወጣም። ከየት ይውጣ? ዳኜ ያኔ የሚያውቀው እንግሊዝኛ «ኪ ፕሊስ» እና «ሃቭ ኤ ናይስ ደይ» ብቻ ነበር።

ማፍያ የገባው በዚህ ዓይነት ነው። ሌላው በደምና በመሐላ ይገባል ይባላል፤ የእኛ ሰው እንግሊዝኛ ባለማወቅ ገባ። በሦስተኛው ዓመት ቋንቋው ገብቶት ምን ሲባል እንደነበር ሲረዳ፣ ደመወዙ ጥሩ ሆኗል፤ ሮማንን አግብቷል፤ ሮሐ ተወልዳለች። የሰማውን እንዳልሰማ ማድረግ ደግሞ ለምዶታል።

ሥራው ቀላል ነበር። ሚስተር ላዛሮ ጋርዴና ውስጥ የአትክልት መጋዘን አለው። ከፊት ለፊት ቲማቲምና ሰላጣ ነው፤ ከኋላ ግን ከኤርፖርቱ ዙሪያ፣ ከሃውቶርን የጭነት መጋዘኖች፣ እግር አውጥቶ የሄደ ዕቃ ሁሉ ይቆለላል። ዳኜ ነጭ ቫን ይነዳል። ዕቃው የሚነሣበት ቦታ ወስዶ ያቆማል፤ ሌሎቹ ይጭናሉ፤ እሱ መልሶ ይነዳል። ማፍያ የሚለውን ቃል አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም፤ «ሰዎቹ» ነው የሚላቸው። ሮማን በኋላ እንደነገረችኝ ከሁሉ የገረመው ከእኛ አለመለየታቸው ነው። ሲገናኙ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ። ትልቅ ሰው ሲገባ ይነሣሉ። ሳይበላ የሚሄድ እንግዳ ያስቀይማቸዋል። ሰርግና ቀብር የቀረ ሰው ስሙ ይጠፋል። እድር የገባ ነው የመሰለው። ልዩነቱ፣ እድር የሚመጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ እነዚህ ቀደም ብለው ይመጣሉ።

እኛስ? እኛማ ተጠቃሚዎች ነበርን። ዳኜ «ከሥራ ቦታ በቅናሽ ያገኘሁት ነው» ይላል፤ እኛ «ጌታ ይባርክህ» እንላለን፤ ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል። የልጅ ወተት፣ ስልክ፣ የስፖርት ጫማ። እኔ ራሴ አሁን ይህን ስጽፍ ያደረግሁት ጫማ የእሱ ነው፤ ደግሞ በጣም ይመቻል። ለቤተ ክርስቲያናችንም ቁመታቸው ከእኔ የሚበልጥ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ሰጠ። ሽማግሌዎቹ እጅ ጭነው ጸልየው ተረከቡ። ካርቶኑ ላይ የአንድ የላስ ቬጋስ ሆቴል አድራሻ ተለጥፎ ነበር፤ ቀደን ጣልነው። ዳኜ ራሱ ግን ቤተ ክርስቲያን አይገባም። እሑድ እሑድ ሮማንን ያደርስና ፓርኪንጉ ውስጥ ቫኑ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ነገር የተበላሸው በምስር ወጥ ምክንያት ነው።

ጋሼ አምላኩ የሚባሉ፣ ደብረ ብርሃን ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ልጃቸው ያመጣቸው የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ከእኛ ጋር ያመልካሉ። ሃውቶርን አንድ መጋዘን ውስጥ ዘበኛ ነበሩ፤ በሁለት አውቶቡስ ይሄዳሉ፣ መንዳት አይችሉም። ባለፈው ፌብሩዋሪ የላዛሮ ሰዎች ያን መጋዘን አሰቡት። ዕቅዱ ዘበኛ በምሳ ሰዓት ይወጣል፣ አርባ ደቂቃ ይቆያል የሚል ነው። ያለፉት ዘበኞች ሁሉ እንዲያ ያደርጉ ነበር። ጋሼ አምላኩ ግን ለአንድ ሳንድዊች አሥራ አምስት ዶላር የሚከፍሉ ሰው አይደሉም። ምስራቸውን በሳህን ቋጥረው ይመጣሉ፤ ጠረጴዛቸው ላይ ይበላሉ። ሰዎቹ በሩን ሰብረው ሲገቡ ሽማግሌውን ጉርሻ በእጃቸው እንደያዙ አገኟቸው። በብረት መቷቸው። ዳሌያቸውና ሁለት የጎን አጥንታቸው ተሰበረ። ዳኜ ቫኑ ውስጥ ሆኖ በመስታወቱ በኩል አየ።

በማግስቱ ጥየቃ ነው። ሆስፒታሉ በአንድ ጊዜ ሁለት ጠያቂ ይፈቀዳል የሚል ወረቀት ለጥፏል፤ እኛ ሃያ ሁለት ሆነን ገባን። ሮማን ባሏን አስከትላ መጣች። ዳኜ አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዞ ከአልጋው ግርጌ ቆመ። እኛ ያደረጉትን ሰዎች ስንራገም፣ እጃቸው ይቆረጥ ስንል፣ እሱ ብርቱካን እየላጠ ለጋሼ አምላኩ ያጎርስ ነበር። ሌላው ሰው አንድ ጊዜ ጠይቆ ቀረ። ዳኜ ሰባት ጊዜ ሄደ። እኛም «እንዴት ያለ ሩኅሩኅ ነው» አልን፤ እንደ ልማዳችን በጣም ገብቶን ነበር።

ከዚያ ፌዴራሎቹ ያዙት። የሃውቶርኑ ካሜራ ፊቱን በደንብ አንሥቶታል። ሁለት ነገር አቀረቡለት፦ ወይ እስር ቤት፣ ወይ ደረቱ ላይ የሚለጠፍ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል የድምፅ መቅጃ። ሕሊናው ወቅሶት ነው የሚሉ አሉ፤ ፎቶው ነው የሚሉም አሉ። እሱ ራሱ ለሮማን «ፎቶውን ሳያሳዩኝ በፊት ልነግራቸው አስቤ ነበር» ብሏታል። ፎቶ ከታየ በኋላ ሁላችንም እንዲያ ነው የምናስበው። ሰባቱን ጥየቃ ግን ማንም አላስገደደውም፤ እሱን አልክድበትም።

እንዲህ ሆኖ ለአምስት ወር የሚስተር ላዛሮን ቃል ደረቱ ላይ ተሸክሞ ዋለ። ኤጀንቶቹ የነገሩት ነገር አንድ ነው፤ በኦገስት መጨረሻ ሁሉንም እንይዛቸዋለን፣ እስከዚያ አፍህን ዝጋ። ሚስተር ላዛሮ ካወቀ ዳኜ አንድ ቀን አያድርም፤ ሮማንና ሮሐም ማምለጣቸው ያጠራጥራል። አፍ መዝጋት ደግሞ ለዳኜ ምኑም አልነበረም። ችግሩ ደረቱ ነው። ማጣበቂያው ፀጉር እየነጨ ስላስቸገረው በአራተኛው ወር ተላጨው።

ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ ያልነካውን ደረት አንድ ሰው በድንገት ከተላጨ ሚስት ምን ትላለች? ሮማን አንድ ሳምንት ምግብ አልቀመሰችም። በስምንተኛው ቀን መታጠቢያ ቤት በር ላይ ቆማ ያዘችው።

«ማን ናት?»

«ማን ማን ናት?»

«የተላጨህላት! ሶ፣ ትነግረኛለህ ወይስ ለሮሐ ደውዬ ልንገራት?»

ዳኜ ከሁለት ሞት ራቅ ያለውን መረጠ። ነገራት። ሮማን በጌታ ስም፣ በሮሐ ስም፣ በእናቷ ስም ለማንም ላትናገር ማለችለት። አሥራ ዘጠኝ ቀን ጠበቀችም። ሮማንን ለማያውቅ አሥራ ዘጠኝ ቀን ትንሽ ይመስለዋል።

ሃያኛው ቀን ረቡዕ ዋለ። እኔ፣ ሮማን፣ ሠናይትና ዶርቃ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጠናል። እኔ እንደ አስተባባሪነቴ ደብተሬን ይዤ የጸሎት ርዕስ እቀበላለሁ። ሮማን ዓይኗ ቀልቶ እጇን አወጣች።

«አንድ ርዕስ አለኝ። ስሙን የማልጠቅሰው ወንድም አለ።»

እዚህ ላይ ለማያውቅ ላስረዳ። እኛ ዘንድ ስም ካልተጠቀሰ ሐሜት አይደለም። ይህ ሕግ የት እንደተጻፈ አላውቅም፤ ግን ከአሥርቱ ትእዛዛት ይልቅ በጥንቃቄ እንጠብቀዋለን። ስም ሳይጠቀስ የማይወራ ነገር የለም።

«ምን ሆኖ ነው ይሄ ወንድም?» አለች ዶርቃ።

«አደጋ ላይ ነው። ክፉ ሰዎች መሐል ነው የሚሠራው።»

«እኛ እኮ ስፔሲፊክ ሆነን ብንጸልይ ይሻላል። ምን ዓይነት ክፉ ሰዎች? ምን ይሠራል?»

«ድራይቭ ያደርጋል።»

«ኡበር?» አለች ሠናይት።

«ቫን። ነጭ ቫን። ግን አሁን መንግሥትን እየረዳ ነው። ደረቱ ላይ የሚቀዳ ነገር አድርገውለታል።»

«ውይ! ቤተሰብ አለው?»

«ሚስትና ነርሲንግ የምትማር ሴት ልጅ።»

ሁላችንም ጣሪያ ጣሪያውን አየን። ፌርፋክስ አካባቢ ነጭ ቫን የሚነዳ፣ ነርሲንግ የምትማር ልጅ ያለው፣ ሚስቱ አጠገባችን ተቀምጣ የምታለቅስ ሰው ማን ሊሆን እንደሚችል ማንም አልጠየቀም። ከዚያ ዓይናችንን ጨፍነን ጸለይን፤ ሮማንም በጸሎቱ መሐል «ዳኜን አስበው ጌታ ሆይ!» ብላ ጮኸች። ሕጉን አላፈረሰችም፤ የነገረችው ለጌታ ነው።

እኔም ማታ እንደ ወትሮዬ የሳምንቱን ርዕሶች በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ጻፍኩ። ቁጥር አራት እንዲህ ይላል፦ «ስሙን የማንጠቅሰው ወንድም። ነጭ ቫን የሚነዳ። በክፉዎች መካከል ሆኖ ለመንግሥት የሚሠራ። በደረቱ ላይ ስላለው መሣሪያና ስለ ሕይወቱ ጥበቃ።» ግሩፑ ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው አለ፤ ሦስቱ ፍራንክፈርት፣ አንዷ ዱባይ። ስሙን አልጻፍኩም። በራሴ ኮርቼ ተኛሁ።

በሳምንቱ ፌርፋክስ ሌላ ሆነ። ዳኜ ምሳ በልቶ ሊከፍል ሲል የምግብ ቤቱ ባለቤት ሂሳቡን እንቢ ብሎ ደረቱን ሊነካው ፈልጎ እጁን መለሰ። የማያውቃቸው ሴቶች መንገድ ላይ አቅፈው «ይጋርድህ» ይሉታል። ግማሹ ሰው ደግሞ እሱ ሲገባ ወሬውን ወደ አየሩ ሁኔታ ይቀይራል። የቅናሽ ዕቃ ያለበት ቤት ሁሉ ተሸበረ። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከአፓርታማችን ጀርባ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ዘጠኝ ቴሌቪዥኖች ቆጠርኩ። ጫማዬን ግን አልጣልኩም፤ እግሬን ያመኛል።

ዳኜ እኔ ዘንድ መጣ። ሰውየው ከስቷል፤ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል።

«እትዬ ሙሉ፣ ሰዉ ምን ሆኗል? ያልነገሩኝ ነገር አለ እንዴ?»

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። ስምህን ሳልጽፍ ሁሉን ጽፌብሃለሁ፣ ሂድና ለኤጀንቶቹ ንገራቸው፣ ዛሬውኑ ያውጡህ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አፈርኩ። «ሰው ስለሚወድህ ነው፣ ዳኜ» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። እስከ ዛሬ ከዋሸሁት ሁሉ የሚቆጠቁጠኝ እሱ ነው።

በዚያው ሳምንት እንግዳ አገልጋይ መጣልን፤ ከሌላ ስቴት፣ ነቢይ መዝሙር የሚባል። ያለንበትን ሁኔታ እንዲያውቅ ብዬ ግሩፑ ውስጥ አስቀድሜ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይህንንም ሌላ ሰው አላደረገውም።

እሑድ ከሰዓት ነው። አዳራሹን ከኮሪያውያን ነው የምንከራየው፤ ማቀዝቀዣው ስለተበላሸ በሮቹ ተከፍተዋል። ሕፃን የያዙ እናቶች ውጭ ሆነው እንዲሰሙ አንደኛው የዳኜ ድምፅ ማጉያ በሩ ላይ ወደ ፓርኪንጉ ዞሮ ቆሟል። ነቢዩ በአማርኛ ይሰብካል፤ እዚህ የተወለደችው ቤዚ አጠገቡ ሆና ለወጣቶቹ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች። ቤዚ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም፤ ስለ ቁጥር አራት የማታውቅ ብቸኛዋ ሰው እሷ ነበረች።

እኔ ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ ፓርኪንጉን አያለሁ። ዳኜ ቫኑ ውስጥ ነው፤ መስታወቱ ወርዷል። ዛሬ ግን ብቻውን አይደለም። አጠገቡ የላዛሮ የእህት ልጅ ፊል፣ ከዚያ በኋላ ለሚሠሩት ሥራ ሊወስደው መጥቶ፣ ቺፕስ እየበላ ተቀምጧል።

ነቢዩ በድንገት ዓይኑን ጨፈነ። «እዚህ ቤት አንድ ወንድም አለ!» አለ። «ነጭ ቫን የሚነዳ!» ቤዚ ተርጉማ ጮኸች። «በክፉዎች መካከል ሆኖ ለመንግሥት የሚሠራ!» ቤዚ ጮኸች። «ደረቱ ላይ መሣሪያ ያለበት! ና ውጣ ወደ ፊት፣ ጌታ ሕይወትህን ይጠብቃል!» ቤዚ እንባዋ እየወረደ፣ አንድም ቃል ሳትዘል፣ ሁሉንም በጥሩ እንግሊዝኛ አደረሰችው። የላስ ቬጋሱ ሆቴል ድምፅ ማጉያ ደግሞ ሥራውን ያውቃል፤ ፓርኪንጉ ሁሉ አስተጋባ። ነቢዩ የእኔን ቁጥር አራት ቅደም ተከተሉን ሳያዛባ ነበር ያነበነበው።

ፊል ቺፕሱን ማኘክ አቆመ። ወደ ዳኜ ዞረ። ገደልኩት አልኩ በልቤ፤ እነሆ፣ ፊቴ ላይ ገደልኩት።

ዞሬ አዳራሹን አየሁ። ሁለት መቶ ሰው፣ ሁሉም የሚያውቅ፣ ሁሉም እግሩን የሚያይ። ከዚያ ከወደ ኋላ የከዘራ ድምፅ ተሰማ። ጋሼ አምላኩ ናቸው። በተሰበረ ዳሌያቸው እያነከሱ በመተላለፊያው መሐል መጥተው ነቢዩ ፊት ቆሙ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ነቢዩ ከዘራውን አየ። «አባቴ፣ እርስዎ ቫን ይነዳሉ?»

«ከደብረ ብርሃን ጀምሮ!» አሉ፣ ብስክሌት እንኳ ነድተው የማያውቁት ሰው።

ከዚያ ዘለቀ ተነሣ፤ የኤርፖርት ሻትል የሚነዳ፣ ቫኑ ሰማያዊ የሆነ። «እኔ ነኝ» አለ። ወንድምአገኝ ተነሣ፤ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። የሬስቶራንቱ ባለቤት ተነሣ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ወንድ መድረኩ ፊት ተደርድሮ ደረቱን ይዞ ያለቅስ ጀመር። አሥራ ሁለተኛዋ እኔ ነበርኩ። መንዳት አልችልም፤ ወንድምም አይደለሁም፤ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ነቢይ መዝሙር ደስታው ወሰን አጣ። «አሥራ ሁለት ናቸው ብሎኝ ነበር!» አለ።

ቫኑ ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ ሮማን ናት። ፊል በበሩ በኩል የሚያለቅሰውን ሰልፍ እያየ «ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሃያ ዓመት ሙሉ ዝም ያለው ዳኜ በዚያች ቅጽበት አፉን ከፈተ። ቤተ ክርስቲያናችን ፖስታ ቤት የሚሠራ ሰው የበዛበት ነው አለ፤ መንግሥት ነው የሚቀጥራቸው፤ ነጭ ቫን ነው የሚሰጣቸው፤ ሰፈሩ ክፉ ነው፣ ውሻ ይነክሳቸዋል፣ ሌባ ይደበድባቸዋል። «ደረታቸው ላይ ያለውስ መሣሪያ?» «ፔስሜከር» አለ ዳኜ፤ የደከመ ልብን የሚያስመታው መሣሪያ ማለቱ ነው። «ልብ ሕመም በዘራችን አለ።» ፊል ጋሼ አምላኩን፣ ከዘራቸውን፣ እንባቸውን አየ። «ምስኪኖች» ብሎ ቺፕሱን ቀጠለ። በዚያች ቫን ውስጥ ያን ቀን ዳኜ ያወራው ቃል ለሚስተር ላዛሮ በሃያ ዓመት ውስጥ ካወራው ይበልጣል።

ማታውኑ ለኤጀንቶቹ ነገራቸው፤ እነሱም ኦገስት እስኪያልቅ አልጠበቁም። ማክሰኞ ጠዋት ላዛሮን፣ ፊልንና ሌሎች ዘጠኝ ሰዎችን ያዙ። በዋዜማው፣ ሰኞ ዕለት፣ ሮማን አንድ ድስት ይዛ በሬን አንኳኳች። ለሮሐ የሃይስኩል ምርቃት ያዋስኳት ድስት ነው። ኤጀንቶቹ ቤተሰቡን ስም ለውጠው ወደማይታወቅ ከተማ ሊወስዷቸው ነው፤ ማንንም እንዳትሰናበት አስምለዋታል፤ እንግዲህ ሮማንን አስምለው።

«ድስቱን ልመልስ ብዬ ነው» አለች፤ እንባዋ ድስቱ ውስጥ ይንጠባጠባል።

«ሮማን፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ቁጥር አራትን።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ ሙሉ። እርስዎ ለሁለት መቶ ሰው ነገሩ፤ እኔ ግን ለእርስዎ ነገርኩ። የቱ ይብሳል?»

ተቃቅፈን አለቀስን፤ ከዚያ ሄደች።

አሁን የት እንዳሉ፣ ማን ተብለው እንደሚጠሩ የሚያውቅ የለም። ሮሐ ትምህርቷን አቋርጣለች። የሮማን እናት አዲስ አበባ በጠና ታመዋል፤ ቢያርፉ ማን ያረዳታል? ያን ሳስበው እንቅልፍ ይነሣኛል። ፌዴራሎቹ መጥተው ድምፅ ማጉያዎቹን ለማስረጃ ጭነው ወሰዱ፤ በትሕትና ደረሰኝ ሰጡን። ነቢይ መዝሙር ትንቢቱ እንዴት እንደተፈጸመ በየስቴቱ ይናገራል። እኔ ከቴሌግራሙ ወጥቻለሁ።

አንድ ቀን ጋሼ አምላኩን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት ቀድመው የተነሡት ለምንድን ነው? መኪናዋን የነዳው እሱ መሆኑን አልሰሙም እንዴ?»

«መስማት? አይቼዋለሁ እንጂ። ሲመቱኝ በመስታወቱ በኩል አየሁት። መሪውን ይዞ ያለቅስ ነበር።»

«ታዲያ ለፖሊስ አልተናገሩም?»

«ልናገር ነበር። በማግስቱ ብርቱካን ይዞ መጣ። በሦስተኛው ቀንም መጣ። ሰባት ጊዜ ሊነግረኝ መጥቶ ሰባት ጊዜ ብርቱካን ልጦልኝ ሄደ። እንዲህ የሚቸገርን ሰው እንዴት ብዬ ልክሰሰው?»

ባለፈው ወር እንደገና ሄድኩ። ጠረጴዛቸው ላይ በፖስታ የመጣ ካርቶን አለ። «ዓይኔ አያይልኝም፣ አንቺ ክፈቺው» አሉኝ። ከፈትኩት። ላኪ የለውም፤ ደብዳቤ የለውም። ሙሉ ካርቶን ብርቱካን ነው። ብርቱካን ሞልቶ ወደሚፈስባት ካሊፎርኒያ ብርቱካን በፖስታ የሚልክ ሞኝ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ግን የፖስታ ቤቱ ማኅተም አርፎበታል፤ የከተማው ስም ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

«ከየት ነው የመጣው?» አሉ ጋሼ አምላኩ።

ወረቀቱን ቀደድኩት፤ ደግሜ ቀደድኩት፤ ጫማዬ ውስጥ ከተትኩት።

«አይነበብም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ጥሩ» አሉና አንዱን አንሥተው መላጥ ጀመሩ።

ረቡዕ ረቡዕ አሁንም ቁጥር አራት አለ። ዶርቃ «ለመሆኑ የት አገር ሄደው ይሆን? ስፔሲፊክ ሆነን ብንጸልይ እኮ» ትላለች። እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። የት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ለጌታ እንኳ ጮክ ብዬ አልነግረውም።